ጥቁሩ የብረት በር ጋ ነኝ

የአዲስ አበባን ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት፤ ትዝታውን ይነግራችኋል። «ፀበሉን አለፍ ትልና፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ፣ ትልቁን ግራር ወደ ቀኝ ትተህ…» ግራሩ ለመንገድ ተብሎ ተቆርጧል። ወፍጮ ቤቱም ባንክ ከሆነ ቆይቷል። «ታዲያ ባንኩ ጋ ለምን አትለውም?» ብትሉት፣ «ባንክማ የት የለም?» ይላችኋል፤ ይህን እንኳ እውነቱን ነው። ችግሩ ይህን ሁሉ በስልክ የሚሰማው ከተማዋን ከረገጠ ዓመት ያልሞላው፣ ከሞተሩ ኋላ ሳጥን የጫነ የሃያ ዓመት ልጅ መሆኑ ነው። ልጁ የሌለ ወፍጮ ቤት ፍለጋ ሠፈሩን ይዞራል። ዕቃውን ያዘዘችው ሴትዮ ደግሞ በረንዳዋ ላይ ቆማ፣ «ወፍጮ ቤቱን የማያውቅ ሰው እንዴት ዴሊቨሪ ይሆናል?» እያለች ትብከነከናለች።

እርግጥ ይህን ያስለመደችን ከተማዋ ራሷ ናት። ፒያሳ አጠገብ ሰባራ ባቡር የሚባል ሠፈር አለ። በምኒልክ ዘመን የመጣ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ተበላሽቶ የቀረበት ነው ይባላል። መኪናው ዛሬ የለም፤ ሰው ግን ከመቶ ዓመት በኋላም «ሰባራ ባቡር ጋ አውርደኝ» ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ስንቱ ምልክት ከነሥሩ ሲነሳ፣ «ድሮ እንትን የነበረበት» የምንለው ቦታ በአንድ ጊዜ በዛ። አድራሻችን እንዳለ ነው፤ የሌለው ምልክቱ ብቻ ነው።

የቤት ቁጥር የለም ወይ የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ! በሩ ላይ በቀለም ተጽፏል። ቀበሌው ወረዳ ከመሆኑ በፊት የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፣ ከጎኑ ማን እንደጻፈውና ለምን እንደጻፈው የማይታወቅ ሦስተኛ ቁጥርም አለ። ቁጥር 418ን ያገኘ ሰው ጎረቤቱ 419 ነው ብሎ ካሰበ እንግዳ ነው ማለት ነው። 419 ከወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚያገለግለው መታወቂያ ለማደስ ነው እንጂ ቤቱን ለማግኘት አይደለም። ባለቤቱም ቢጠየቅ በቃሉ አያውቀውም፤ ወጥቶ አይቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ዕቃ ዘገየ፣ ተመለሰ፣ ለሌላ ሰው ተሰጠ ሲባል የሚነሳውን ጠብ የምመለከተው ከዚህ ተነስቼ ነው። ባለቤትና ሞተረኛ ሲካሰሱ እኔ ብዙውን ጊዜ የማደላው ለሞተረኛው ነው። የዘገየው የኔ ምሳ ካልሆነ በቀር።

ጠቡ ራሱ አዲስ ነገር ነው፤ አባቶቻችን አያውቁትም። ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። ነገር ግን እኛ አብዛኞቻችን ያደግነው ደብዳቤ ይዞ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ሳናይ ነው። ሳጥን የተከራየ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋናው ፖስታ ቤት ራሱ ይወርዳል። ሳጥን የሌለው «በአቶ እገሌ በኩል» ብሎ በዘመድ መሥሪያ ቤት ሳጥን ይጠቀማል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ የሚታማው ያልጻፈው ሰው ነው። ፖስተኛውና ባለቤቱ የሚገናኙበት ደጃፍ ስላልነበረ የሚጣሉበትም አልነበረም።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሲሆን ደግሞ በሰው ነው። ዛሬም በሰው ነው። ከዋሽንግተን የምትመጣ አንዲት ሴት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ፣ ታሽጋለች። ከዚያ ውስጥ የራሷ ልብስ ስንት ኪሎ እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። እርስዎ ዕቃዎን ለመቀበል በእንግድነት ያረፈችበት ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ ሰላምታው ይደርሳል፣ ቡና ይፈላል፣ እስከ በረካው ይቆያሉ። በመጨረሻ፣ «ኪሎ በዛብኝና ጫማውን እዚያው ትቼዋለሁ» ይባላሉ። ምን ይባላል? የእህትዎ ባል አክስት ናት። ለማን ይከሰሳል? «ምንም አይደለም፣ ዋናው አንቺ በሰላም መግባትሽ» ብለው፣ ባዶ እጅዎን አመስግነው ይወጣሉ። በዚህ ያለፈ ሕዝብ የሞተር ዴሊቨሪ ሲመጣለት ትዕግሥቱ ይበልጥ ይጨምራል ብዬ ነበር የማስበው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ለአክስቲቱ የተዋጠው ሁሉ ሞተረኛው ላይ ይወጣል።

የሞተር ዴሊቨሪው የተስፋፋው በቅርብ ነው። መጀመሪያ የቴሌግራም ሱቆች መጡ፤ ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው «በኢንቦክስ» የሆነ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማው አስተዳደር በወንጀል ምክንያት ሞተር ሳይክል ሲያግድ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ቀሩ። ቀጥሎ ኮሮና መጣና ከቤት የማይወጣ ሰው በረከተ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጨመርበት ከሶፋ ሳይነሱ መግዛት ተቻለ። ከሶፋ ሳይነሱ መቀበል ግን እስካሁን አልተቻለም።

ምክንያቱ ስልኩ ነው። በሌላው ዓለም ዕቃ የሚያደርሰው አድራሻ ነው፤ እዚህ የሚያደርሰው ወሬ ነው። አንዲት ጎረቤቴ በስፒከር ስታወራ የሰማሁትን እነሆ፤

«ሄሎ እህቴ፣ ዕቃ ይዤልሽ ነበር። የት ጋ ነሽ?»

«ሰሚት፣ ፍየል ቤት።»

«ፍየል ቤትማ ደርሻለሁ።»

«ፍየል ቤት የት ጋ ነህ?»

«አንቺ የት ጋ ነሽ?»

«የኔ ወንድም፣ አንተ ያለህበትን ንገረኝና እኔ ልምራህ።»

«አስፋልቱ ላይ ነኝ።»

«እሺ፣ ፊት ለፊትህ ምን ይታይሃል?»

«ባጃጅ።»

«ከባጃጁ ሌላ?»

«ባጃጁ ሄደ። ሕንፃ አለ።»

«ምን ዓይነት ሕንፃ?»

«ያላለቀ።»

ያላለቀ ሕንፃ ምልክት የሚሆነው ያለቀው በበዛበት አገር ነው። ጎረቤቴም ይህን ታውቃለችና ወደ በሯ ተሻገረች። «ጥቁር የብረት በር አለ አይደል? እዚያ ቁም» አለችው። ቆመ። እሷም ወጥታ በሯ ላይ ቆመች። ሁለቱም ጥቁር የብረት በር ጋ ናቸው፤ አይተያዩም። የሠፈራችንን በር ሁሉ የሠራው አንድ ብረት በያጅ መሆኑን፣ እሱም ጥቁር ቀለም በጅምላ ገዝቶ እንደነበር ለልጁ ማን ይንገረው?

በዚህ ዓይነቱ ጥሪ ውስጥ የሚገርመኝ ሰው የሚያረጅበት ፍጥነት ነው። ስልኩ ሲጀመር ጎረቤቴ «እህቴ» ነበረች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ «እናቴ» ሆነች። ጥቁሩ በር ጋ ሲደርሱ «ማዘር፣ ይስሙኝማ!» ተባለች፤ ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው። እሷም ብትሆን «የኔ ወንድም» ያለችውን ልጅ ቁልቁል ወስዳ ወስዳ «ስማ አንተ ልጅ!» ላይ አድርሳዋለች። ስልኩ ትንሽ ቢረዝም እሱ ሊጠመቅ፣ እሷ ልትቆርብ ነበር።

«ሎኬሽን ላኪልኝ» የሚባለው መፍትሔም የራሱ ጣጣ አለው። ቀይዋ ነጥብ ቀለበት መንገዱን ተሻግራ ከወዲያ ማዶ ታርፋለች። ልጁም በታማኝነት ነጥቧ ጋ ሄዶ ይቆማል። ባለቤቷ ከወዲህ ሆና ታየዋለች፤ እጇን ታወዛውዛለች። «አየሁህ!» ትላለች። «እኔም አየሁሽ!» ይላል። በመካከላቸው የሲሚንቶው አጥር አለ። ወደሷ ለመድረስ እስከሚቀጥለው አደባባይ ሄዶ መዞር አለበት፤ እዚያ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል፤ ፖሊሱ ደግሞ ሞተር ይወዳል፤ ማስቆም ማለቴ ነው። አንዳንድ ቀን የሚቀለው እሷ የእግረኛ ድልድዩን ወጥታ መሻገሯ ነው። ያኔ የዴሊቨሪውን የከፈለችው ለምን እንደሆነ ድልድዩ ላይ ሆና ታስባለች።

ሰዓቱስ? መተግበሪያው የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «2፡00 ላይ ይደርሳል» ይላል። ባለቤቷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ጠብቃ፣ ተስፋ ቆርጣ፣ ለባለሱቁም ለጎረቤትም አማርራ ትወጣለች። ልጁ በስምንት ሰዓት ከች ይላል። ሁለቱም ሰዓታቸውን አክብረዋል። ሁለቱም ግን ተበድለዋል።

ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ጠቡ የሕግ መልክ ይይዛል። ክርክሩ የትኛው በር ነው የሚል ነው። ያዘዘው ሰው «እስከ በር ነው የከፈልኩት» ይላል። ሞተረኛው ደግሞ በር የሚለው የግቢውን ትልቁን በር ነው። እዚያ ያለው ጥበቃ «ሞተር አይገባም» ብሏል። ሞተሩን ውጭ ትቶ ቢገባ ሳጥኑ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ዕቃ አለ፤ ማን ይጠብቅለታል? ጥበቃውን እንዳይጠይቀው የጥበቃው ሥራ ሞተር መከልከል እንጂ ሞተር መጠበቅ አይደለም። ተለማምጦ ገባ እንበል። ብሎኩን ማግኘት ራሱ ፈተና ነው፤ ብሎክ 12 ከብሎክ 11 ቀጥሎ ነው ብሎ ማንም ቃል አልገባም። አገኘው እንበል። ደረጃው ሥር ቆሞ ይደውላል። «አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ና ውጣ» ይባላል። «ውረዱልኝ» ይላል። «ለምን ከፈልኩ ታዲያ?» ይባላል። ሊፍት የለም። አንዱ ከላይ አንገቱን አስግጎ፣ አንዱ ከታች አንጋጦ፣ ብሎኩ በሙሉ በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ይሟገታሉ። ብዙ ጊዜ የሚስማሙት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ይህንኑ እፈርድ ነበር፤ ሽማግሌም ከዚህ የተሻለ አይፈርድም።

አንዲት ዘመዴ ቨርጂኒያ ይህንኑ ሥራ ትሠራለች። እዚያ የኛ አገር ሰው በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነው። ዕቃውን ደጃፍ ላይ ታስቀምጣለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ትሄዳለች። የሰው ፊት ሳታይ ትውላለች። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥታ እዚህ ምግብ አዘዘችና፣ ልጁ አራተኛ ፎቅ ድረስ ካልወጣ ብላ ተሟገተች። «አንቺ እዚያ ደጃፍ ጥለሽ ትሄጂ የለም ወይ?» ብላት፣ «እዚያ ሊፍት አለ» አለችኝ። ይህን የመሰለ መልስ ለማግኘት ስንት ዓመት ስደት እንደሚያስፈልግ አላውቅም።

አሁን ትንሽ ለባለቤት ወገን ልናገር፤ አለበለዚያ ሚስቴ ይህን ስታነብ ቤት አልገባም። ባለቤቷ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ «ደንበኛ አልተገኙም» የሚል መልእክት ሲገባ ምን ትበል? አልተገኘችም እኮ፤ ማንም አልፈለጋትማ! ልጁ መገናኛ ሻይ እየጠጣ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ ከሥራ ዝርዝሩ ሰርዟታል። ኬክ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ኬክና ኮብልስቶን ጠላቶች ናቸው። ካርቶኑ ሲከፈት ክሬሙ አንድ ጥግ ተጠራቅሟል፤ «መልካም ልደት» ከሚለው የተረፈው «መልካም ል» ነው። ልጁ «ከመነሻውም እንደዚሁ ነበር» ይላል። ሕፃኑ ሻማ ይዞ ቆሟል። ምን ተብሎ ይከራከራል?

ግን ልጁስ? አንዳንዱ ሱቅ የዕቃውን ዋጋ ከልጁ ኪስ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ከገዢው ተቀበል ብሎ። ገዢው ስልክ ካላነሳ የሰው ጫማ ከነዕዳው ይዞ ይዞራል። ስልክ የማያነሳው ሰው ደግሞ እንዴት በዛ! የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት «የዕቁቡ ዳኛ ነው» ብሎ ስልኩን ይገለብጠዋል። ወይም መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቋል። ሐምሌ ላይ ልጁ የፕላስቲክ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዕቃው እንዳይረጥብ ደግሞ ሌላ ፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ለማይነሳ ስልክ ይደውላል። በመጨረሻ ስልኩ ሲነሳ የሚሰማው «ለምን ዘገየህ?» የሚል ነው። ከዚያ የክፍያው ይከተላል። «በቴሌብር ላክሁ፣ ስክሪንሾቱን ተመልከት።» «አልገባልኝም።» «ይገባል፣ ኔትወርክ ነው።» «እስኪገባ ልጠብቅ።» አንዱ አላመነም፣ ሌላው ተሰድቧል፣ ዝናቡም አላቆመም። ብሩ ሲገባ ሁለቱም ስልካቸውን እያዩ ደስ ሲላቸው ላየ ሰው ዘመዳሞች ይመስሉታል።

እስካሁን የዚህን ከተማ ዕቃ በትክክል ያደረሰ አንድ ተቋም አለ ከተባለ ባለሱቁ ነው። «ባለሱቁ ጋ ተውልኝ» ያላለ ማን አለ? ደመወዝ የለው፣ ውል የለው፣ ከዘይቱና ከሳሙናው መሐል የሠፈሩን ጥቅል ደርድሮ ይውላል። ማን ምን እንዳዘዘ፣ ከየት እንዳዘዘ፣ የእግሩ ቁጥር ስንት እንደሆነ ያውቃል። ምስጢር መጠበቅ ግን የአገልግሎቱ አካል አይደለም። ማታ ሰው ሁሉ ዳቦ ሊገዛ በተሰለፈበት፣ ክብራቸውን ጠብቀው በዚያ የሚያልፉትን ጎረቤታችንን «ጋሼ! የቦርጭ ማጥፊያው ቀበቶ መጥቷል!» ብሎ ሲጠራቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሼ ዕቃውን አልተቀበሉም። «ተሳስተሃል፣ የኔ አይደለም» ብለው ቀጥ ብለው ሄዱ። በማግሥቱ የቤት ሠራተኛቸው መጥታ ወሰደችው።

ከዚህ ውርደት ለማምለጥ ነው በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር አዲስ ዘዴ የፈጠሩት። ምልክት አይጠቅሱም፣ ሎኬሽን አይልኩም፣ በር አይገልጹም። የልጅ ልጃቸውን ቀይ ጃኬት አልብሰው አስፋልቱ ዳር ያቆሙታል። «ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ታያለህ፤ ለሱ ስጠው» ብቻ ነው የሚሉት። ለተወሰነ ጊዜ ሠፈሩን ያስቀና ዘዴ ነበር። ዕቃ አይዘገይም፣ ድምፅ አይነሳም፣ ልጁም ለየጥቅሉ ማስቲካ ይሸለማል። ያየ ሁሉ ልጁን እያለበሰ ማቆም ጀመረ፤ ቡቲኩም የልጅ ቀይ ጃኬት ማስመጣት አበዛ። መምህሩ ግን ይህን ልብ አላሉም። የደም ግፊት መለኪያ አዘው ሳለ ሞተረኛው ደወለላቸው።

«ሄሎ ፋዘር፣ ዕቃውን አስረክቤያለሁ እሺ።»

«ለማን?»

«ቀይ ጃኬት ለለበሰው ልጅ ነዋ። ‹አያቴ አመስግነው ብለዋል› አለኝ።»

«ልጄ፣ የኔ ልጅ እዚሁ አጠገቤ ምሳውን እየበላ ነው።»

ሞተረኛው ትንሽ ዝም አለ። ሞተሩ ሲነሳ ይሰማል።

«እሺ ፋዘር፣ ተመልሼ እፈልገዋለሁ። ለሌላ ጊዜ እንዳልሳሳት ግን፣ የእርስዎ ልጅ አሁን ምን ለብሷል?»